እንስራ ያዘለው ጫኔ

ጊዜው ድሮ ነው። ድሮ ሲባልም አያቶቻችን ራሳቸው «ድሮ» እያሉ ያወሩለት የነበረው ድሮ ነው። ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙ። የሚያስቀው ሲመጣ ሳቁ። የሚያስፈራው ሲመጣ ዝም በሉ፤ ያልፋል።

ያኔ ግራር አፋፍ የሚባል መንደር ነበረ። መንደሩ ከላይ አፋፉ ላይ ነው፣ ምንጩ ታች ገደሉ ሥር ነው። እግዜር ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ ውሃውን ታች አድርጎ ጠጪውን ላይ አስቀመጠው። እንስራ አዝለው ያንን ዳገት የሚወጡት ሴቶች ናቸው። ወንዶቹስ? ወንዶቹ ይጠጣሉ።

በዚያ መንደር ጫኔ የሚባል ሰው ነበረ። ጀግና አልነበረም። ነብር የመጣ ዕለት ሰው ሁሉ ጦሩን ይዞ ሲወጣ ጫኔም ወጣ፤ እሱ ግን የወጣው ዛፍ ላይ ነው። ሀብታምም አልነበረም። ያሉት ሁለት በሬዎች ናቸው፣ እነሱም «ሂድ» ሲላቸው መጀመሪያ ዞር ብለው ያዩታል፣ ከዚያ ደስ ካላቸው ይሄዳሉ። አፈኛም አልነበረም። ውሸት ጨርሶ አይችልም፤ ሊዋሽ ሲል ጢሙን ያካል። ያለው ነገር ቁመትና ጢም ብቻ ነው። ቁመቱ በር አያስገባውም። ጢሙ ደረቱ ላይ ይተኛል።

ሚስቱ እንጉዳይ ትባላለች። አጭር ናት፣ ሳቂታ ናት፣ ሥራ ላይ እሳት ናት። አንድ ነገር ግን በሆዷ ይዛ ነበር። ቀደም ብላ አንድ ጊዜ አርግዛ ነበር። ማንም ሳያውቅ ገና በጠዋቱ ደም መጣባትና ጽንሱ ሄደ። ለማንም አልተናገረችም። በዚያው ዕለት እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ወጣች። ጫኔ የሰማው ቆይቶ ነው። ከሰማ ወዲህ ያንን ዳገት ሲያየው ደስ አይለውም።

«ለምን አልነገረችውም?» ትሉ ይሆናል። ግራር አፋፍ ደንብ አለው። እርግዝና ሆዱ ራሱ ወጥቶ እስኪታይ አይነገርም። ቀድሞ ከተነገረ ዓይን ይበላዋል ይባላል። ስለዚህ ያረገዘች ሴት ሲያስመልሳት «ያደረ ጎመን በልቼ ነው» ትላለች። ሴቶቹ ይሰማሉ፣ ያውቃሉ፣ ዝም ይላሉ። ወንዶቹ እውነት ጎመን ይመስላቸዋል። በዚያ መንደር በጎመን ያልተሳበበለት ልጅ የለም።

እንግዲህ የእንጉዳይ ወሯ ቀረ። ጎመን የበላች መሰለች። ጫኔ ሲሰማ ደስ አለውና ጭንቅላቱን ከበሩ ጋር አጋጨው። በደስታ ነው።

ከዚያ አንድ ማለዳ እንጉዳይ ከጓሮ ተመለሰች። ፊቷ አመድ መስሏል። የበሩን ምሰሶ ይዛ ቆመች።

«ጫኔ።»

«ወይ።»

«ደም አየሁ።»

ጫኔ ቆሞ ነበር፣ ተቀመጠ። የተቀመጠው ቀንበሩ ላይ ነው፣ ቀንበሩ ይዋጋል፣ እሱ ግን አላወቀውም።

«ብዙ ነው?»

«እንጃ። ቀሚሴን ነካ ነካ አድርጎታል። ሆዴንም ቆረጥ ያደርገኛል። ያኛውም ሲጀምረኝ እንዲሁ ነበር።» እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «ጫኔ፣ ይሄም ሊሄድብኝ ነው።»

ጫኔ ከቀንበሩ ላይ ብድግ አለ። «እማ የውብዳርን ልጥራ» አለ።

«ሰው እንዳይሰማ!»

«ማን ይሰማል? ማንም አይሰማም» ብሎ ሮጠ።

እማ የውብዳር የመንደሩ አዋላጅ ናቸው። ቤታቸው የመንደሩ ጥግ ነው፣ መንገዱም በፈንታዬ አጥር በኩል ነው የሚያልፈው። ፈንታዬ ደግሞ የጭቃ ሹሙ የአያ በሪሁን ሚስት ናት። ባሏ እሁድ እሁድ በመንደሩ ሾላ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይፈርዳል፣ እሷ ሳምንቱን ሙሉ ትፈርዳለች።

«ጫኔ! ማን አባረረህ?»

«ማንም እትዬ ፈንታዬ። እማ የውብዳርን ልጠራ ነው።»

«አዋላጅ? ለማን?»

ጫኔ ጢሙን አከከ። «ላሜ አማጠች።»

ፈንታዬ አጥሩን ተደግፋ አየችው። «ላም አለህ እንዴ?»

«የለኝም። በሬዬን ማለቴ ነው» አለና ሮጠ።

ፀሐይ ከፍ ሳይል መንደሩ ሁሉ የጫኔ በሬ እንዳማጠ ሰማ። አንድ ሽማግሌ «የትኛው ነው፣ ቀዩ ነው ጥቁሩ?» ብለው ጠየቁ አሉ።

እማ የውብዳር የመንደሩን ግማሽ ሰው በእጃቸው የተቀበሉ ናቸው፣ ስለዚህ ማንንም አያፍሩም። «የምታምጠው በሬ ወዴት አለች?» እያሉ ገቡ። እንጉዳይን ሲያዩ ግን ቀልዱን ተዉት። አጠገቧ ተቀመጡ። ደሙ ቀይ ነው ወይስ የጠቆረ፣ ጠብ ጠብ ይላል ወይስ ይፈሳል፣ ይወጋሻል ወይስ ይቆርጥሻል እያሉ ጠየቁ። ቀስ ብለው ጠየቁ።

«እማ፣ ይቆይልኛል?» አለች እንጉዳይ።

«አላውቅም።»

«እማ…»

«አላውቅም ልጄ። አውቃለሁ ያለሽ ሁሉ ይዋሽሻል። ብዙ ደም አይታ የወለደች አውቃለሁ፣ ትንሽ አይታ ያጣች አውቃለሁ። አንድ የማውቀው፣ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም። ያኔም አላጠፋሽም፣ አሁንም አላጠፋሽም።»

እንጉዳይ ቀና አለች። ያኛውን ከጫኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም ነበር። እማ የውብዳር ግን ዓይን አላቸው።

«ንጹሕ ጨርቅ አድርጊ። በየጊዜው እዪው። ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ከራሰ፣ ሆድሽን ባንድ ጎን ይዞ ከጠዘጠዘሽ፣ ዓይንሽ ከጨለመ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ያን ጊዜ ሰው አትፈሩ። በሬ ነው በሉኝ፣ አህያ ነው በሉኝ፣ ብቻ ጥሩኝ።»

«ብተኛ ይቆምልኛል?»

«መተኛት አያቆመውም። መሄድም አያመጣውም። ነገር ግን የፈራች ሴት እንስራ አዝላ ገደል አትወርድም። ብቻዋንም አትቀመጥም።»

«ታዲያ ውሃውን ማን ይቀዳል?»

እማ የውብዳር ጫኔን አዩት። ጫኔ ማንን እንደሚያዩ ለማወቅ ወደ ኋላው ዞረ። ከኋላው ግድግዳ ነው።

በግራር አፋፍ እንስራ ያዘለ ወንድ ታይቶ አይታወቅም። ቢታይ «ማጀት ገብ» ይባላል፣ ልጁም የልጅ ልጁም ይጠሩበታል። ጫኔን ግን ያስጨነቀው ስሙ አይደለም። እንስራ ይዞ ከወረደ ሴቶቹ «ሚስትህስ?» ይሉታል። ሚስቴ አልጋ ላይ ናት ካለ «ምን ሆና?» ይሉታል። ጫኔ ደግሞ ውሸት አይችልም።

ስለዚህ የእንጉዳይን ቀሚስ ለበሰ።

ቀሚሱ ጉልበቱ ላይ ቀረ። መቀነቱ ዞሮ አልደርስ ብሎ በገመድ ቀጠሉት። ጢሙን ጠቅልሎ በነጠላ ሸፈነው፣ ዓይኑ ብቻ ቀረ። ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ እንደ ዶሮ እየተራመደ ወረደ። እንጉዳይ በሩ ላይ ሆና አየችው። ታልቅስ ትሳቅ አላወቀችም፣ ሁለቱንም አደረገችው።

ምንጩ ጋ ሴቶቹ ነበሩ።

«እንጉዳይ፣ እንደምን አደርሽ?» አለች አንዷ።

ጫኔ ራሱን ነቀነቀ።

«ምነው ዝም አለችን? ተኳርፈናል እንዴ?»

«ትናንት እኮ ብብቴ ሥር ነበረች። ምን በልታ ነው ያደገችው?» አለች ሌላዋ።

ጫኔ የባሰ ጎንበስ አለ። እንስራውን ሞላ። ጭንቁ እዚህ ላይ መጣ። ሴቶቹ እንስራውን ጀርባቸው ላይ አድርገው በገመድ ደረታቸው ላይ ያስሩታል። ጫኔ ሲያስሩት አይቶ አያውቅም፣ ሲጠጣ ነው የሚያውቀው። እንደ ቀንበር ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጫነው። እንስራው ዘመመ። ውሃው ባንገቱ ገባና በቀሚሱ ወጣ። ነጠላው ወደቀ። ያ ሁሉ ጢም ውሃ እያንጠባጠበ ተዘረጋ።

ሁሉም እንስራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ከገደሉ ላይ ያሉት ዝንጀሮዎች ሸሹ አሉ።

«ጫኔ!» አለች ፈንታዬ፣ ሆዷን ይዛ። «ምን ሆነህ ነው?»

ጫኔ ጢሙን አከከ፣ ጢሙ ርሷል። «ተወራርጄ ተሸንፌ ነው።»

«ከማን ጋር?»

ሰው ቢጠራ ሄደው ይጠይቁታል። «ከራሴ ጋር» አለ።

«ከራስህ ጋር ተወራርደህ ተሸነፍህ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ማን አሸነፈ?»

ጫኔ አሰበ። «እሱን ገና እየተነጋገርን ነው» አለ።

ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። ፈንታዬ እንባዋን እየጠረገች ተነሥታ እንስራውን ሞላችለት፣ ጀርባው ላይ አድርጋ ገመዱን አሰረችለት። እየሳቀች ነው ያሰረችው፣ ግን አሰረችው። ጫኔ ዳገቱን ወጣ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ፣ እንጉዳይ ይሄን በዚያ ዕለት እንዴት ወጣችው ብሎ አሰበ። ከዚያ ወጣ።

ቤት ገብቶ ለእንጉዳይ ሲነግራት ሳቀች። በጣም ሳቀች። መሃል ላይ ደንግጣ አቋረጠች። «አታስቀኝ! ሳቁ ቢያመጣውስ?» ጨርቁን አየችው። ያው ጠብታ ናት፣ አልጨመረችም። በማግስቱ እማ የውብዳር ሲመጡ ጠየቀቻቸው።

«ሳቅ ጽንስ አያስወርድም» አሉ። «የሚያስወርድ ቢሆን ኖሮ ፈንታዬ ባለችበት መንደር ሰው አይወለድም ነበር።»

በውሃው እንዲህ ሆነ። በዱቄቱስ?

ዱቄቱ አለቀ። ከጎረቤት እንዳይበደሩ ጎረቤት ይጠይቃል። ወፍጮው ድንጋይ ነው፣ ሴት ተንበርክካ መጁን እየገፋች ነው የምትፈጨው። ጫኔ ቀሚሱን አልለበሰም፤ ቤት ውስጥ ማን ያየዋል? በሩን ዘጋ። ተንበረከከ። እንጉዳይ መደብ ላይ ተኝታ ታዘዋለች።

«መጁን በሁለት እጅህ ያዝ። አትደብድበው፣ አስኪደው!»

ገደብ! ገደብ! ጫኔ «እህ!» ይላል፣ መጁ «ገደብ!» ይላል።

«ኧረ ቀስ! ቀስ በል! ልትሰብረው ነው!» ትላለች እንጉዳይ።

ይሄን ሁሉ ፈንታዬ በአጥሯ በኩል ሰማች። እንጉዳይ ከምንጭ ከቀረች ሰንብታለች። አሁን ደግሞ ገደብ ገደብ ይሰማል፣ «ቀስ በል፣ ልትሰብረው ነው» ይሰማል። ፈንታዬ ሳቋ ጠፋ። እየሮጠች ሄዳ ባሏን ጠራች። «ያ ዝምተኛ መሳይ ሚስቱን እየገደላት ነው!»

አያ በሪሁን ሽማግሌዎቹን ይዞ፣ ከዘራውን ይዞ፣ መጣ። ፈንታዬ ከኋላ ተከተለች። «ክፈት በሕግ!» አለና ሳይከፈትለት በሩን ገፋው።

ከውስጥ አንድ ረጅም ሰው ብድግ አለ። ጢሙ ነጭ፣ ቅንድቡ ነጭ፣ ፀጉሩ ነጭ። አያ በሪሁን ባሕታዊ ከበረሃ የመጣ መሰለው። ከዘራውን ጣለ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ» አለ።

«ኧረ አያ በሪሁን፣ እኔ ነኝ። ጫኔ ነኝ።»

አያ በሪሁን ቀስ ብሎ ቀና አለ። ከንፈሩ ላይ ዱቄት አለ። ሽማግሌዎቹ ጣሪያውን ያያሉ። ያን ዕለት ጫኔን ማንም ሊያድነው አልቻለም።

«ሚስትህን ትደበድባለህ ተብለን ነው የመጣነው!»

«አልመታኋትም! እየፈጨሁ ነው!»

«ይሄ ደግሞ ባሰ! ደብድበሃት ቢሆን እናስታርቅህ ነበር። አሁን ከማን ጋር እናስታርቅህ? ከወፍጮው ጋር?»

«እኔ ነኝ ያዘዝሁት» አለች እንጉዳይ ከመደቡ።

«ለምን?»

እንጉዳይ ጫኔን አየችው። ጫኔ ጢሙን ሊያክ እጁን አነሣ፣ እሷ ቀደመችው። «ያደረ ጎመን በልቼ አሞኝ ነው» አለች።

«ጎመን!» አለ አያ በሪሁን። «በጎመን ምክንያት የወንድ ክብር ይውደቅ?»

ወንዶቹ እውነት ጎመን መሰላቸው። ከኋላ የቆመችው ፈንታዬ ግን አፏን ልትከፍት ነበር፣ ተወችው። የእንጉዳይን ፊት አየች። ከመደቡ ሥር የተዘፈዘፈውን ጨርቅ አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

አያ በሪሁን ፈረደ። «እሁድ ሾላው ሥር ትቀርባለህ። በቂ ምክንያት ካለህ ትናገራለህ። ካልተናገርህ ከወንዶች ጋር መቀመጥህ ይቀራል።»

ጫኔ ሾላው ሥር መቀመጥ ይወዳል። ሲናገር አይሰሙትም፣ ቢሆንም እዚያ ሲቀመጥ ቁመቱ ከሰው እኩል ይሆናል። ያንን ሊያጣው ነው። ለመናገር ደግሞ አንዲት ቃል ትበቃዋለች። ያቺን ቃል ከተናገረ ግን እንጉዳይ ዓይን በላብኝ ትላለች። ጽንሱ ቢሄድባት፣ ከሌላው ኀዘን ሁሉ ይልቅ «ጫኔ ተናግሮብኝ ነው» የምትለው ይገድላታል። ስለዚህ አይናገርም። ቆረጠ።

እሁድ ማለዳ ደሙ ጨመረ። ቀይ ሆኖ መጣ። እማ የውብዳር ተጠሩ፣ መጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ውሃው እዚያ ላይ አለቀ።

እንጉዳይ አታለቅስም። ጣሪያውን ታያለች። «ሾላው ሥር ሂድ» አለች። «ይፈርዱብሃል።»

«ይፍረዱ።»

«ካልሄድህ ይብስብሃል።»

«ይባስ። ውሃ አልቋል» አለና እንስራውን አነሣ። ቀሚስ አልለበሰም። ነጠላ አልተከናነበም። በራሱ ልብስ፣ በራሱ ጢም፣ እንስራውን ባዶውን አዝሎ ወጣ።

ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ በሾላው ሥር ነው የሚያልፈው። ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ተሰብስቧል። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። ጫኔ እንስራ አዝሎ በመሃላቸው መጣ። አንዱ ሊስቅ ጀመረና የጫኔን ፊት ሲያይ ተወው።

«ቁም!» አለ አያ በሪሁን።

«ስመለስ እቆማለሁ።»

ጫኔ ለሰው እንዲህ ብሎ መልሶ አያውቅም። ሰውም ደነገጠ፣ ጫኔም ደነገጠ።

«ምክንያትህን ተናገርና እለፍ!»

ጫኔ አፉን ከፈተ። ዘጋው። እጁ ወደ ጢሙ አልሄደም። «የለኝም» አለ። «ምክንያት የለኝም። ውሃ አልቋል። ፍረዱብኝና ልሂድ።»

አያ በሪሁን ሊፈርድ ከዘራውን አነሣ። ያን ጊዜ ፈንታዬ ከኋላ ተነሣች። ሴት ሾላው ሥር አትናገርም። ተናገረች።

«በሪሁን፣ ያገባኸኝ ዓመት ከምንጭ ስመለስ ወድቄ እንስራ ሰብሬ ነበር። ታስታውሳለህ?»

«ምን ነካሽ ሴትዮ? ችሎት ላይ እኮ ነኝ!»

«ታስታውሳለህ ወይ?»

«እንዴት እረሳለሁ፣ አዲስ እንስራ ነበር!»

«ሰንብቼ ነበር የተነሣሁት። ወገቤን ነው አልሁህ። ቀስ ብለሽ አትሄጂም ወይ ብለህ ተቆጣኸኝ።»

«ተቆጥቼ ነበር።»

«አልወደቅሁም በሪሁን።»

አያ በሪሁን ከዘራውን እንዳነሣ ቀረ። መጀመሪያ አልገባውም። ሰው ሁሉ ሲገባው አየው፣ ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ነው የገባው።

ከሴቶቹ አንዲት አሮጊት ተነሡ። ቆሙ ብቻ። ከእሳቸው ቀጥሎ አንዲት ልጅ እግር ተነሣች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ከፊት የተቀመጡት ወንዶች ዞረው ያያሉ፣ አንዱ የገዛ ሚስቱን ቆማ ያያታል፣ ሌላው የገዛ እናቱን ያያል። ተቀምጠው የቀሩት ሴቶች ጥቂት ናቸው። ሁሉም አወቀ። እስከ ዛሬ ሾላው ሥር እንደዚያ ያለ ጸጥታ አልሆነም ይላሉ።

አያ በሪሁን ከዘራውን አወረደ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንስራ ያዘለ ወንድ መንገድ ላይ ነው። መንገድ ላይ ያለ ሰው ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ዛሬም አይጠየቅም፣ ወደፊትም አይጠየቅም። ሂድ ጫኔ።»

ጫኔ ሄደ። ሮጠ እንጂ ምን ሄደ ይባላል።

ፈንታዬ ግን አልጨረሰችም። ቤቷ ቅርብ ነው፣ ገብታ የራሷን እንስራ አመጣችና ባሏ ፊት አስቀመጠችው። «እንካ» አለች።

«እኔ? ጭቃ ሹሙ?»

«እኔማ ዛሬ ወገቤን ነው።»

አያ በሪሁን ግራ ቀኙን አየ። አንድም ወንድ ዓይኑን ሊያሳየው አልፈለገም። እንስራውን አዘለ። ወረደ። ምንጩ ጋ ጫኔ ሞልቶ ሲነሣ ደረሰበት። ጫኔ የሚጠብቀው ሰው አለው፣ አልቆየም። አያ በሪሁን ብቻውን ዳገቱን ጀመረ። ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አገኙት። ላቡ ይንጠባጠባል።

«ይሄን ዳገት ማነው እዚህ ያስቀመጠው?» ይል ነበር። «ለምን አልተነገረኝም? እኔ እኮ የአገሩ ሹም ነኝ!»

ጫኔ ግን ቤቱ ደርሷል። እማ የውብዳር በሩ ላይ ቆመዋል። ፊታቸውን አየ፣ ምንም አላነበበበትም። እንስራውን እንዳዘለ ቆመ።

«ና ግባ» አሉ። «ቀነስ ብሏል። ከዚህ በላይ አላውቅም።»

ገባ። ውሃውን ገለበጠ። እሳት አነደደ፣ አሞቀ። የእንጉዳይን እግር አጠበ። ጨርቆቹን አጠበ፤ እማ የውብዳር ሊቀበሉት ሲሉ አልሰጣቸውም።

«ፈረዱብህ?» አለች እንጉዳይ።

«አልፈረዱም።»

«ተናገርህ?»

«አልተናገርሁም።»

እጁን ያዘችው። «ጫኔ፣ ፈርቻለሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለ። ሁለቱም ተያይዘው ተቀመጡ። ፍርሃቱ አልሄደም። ሁለት ሰው ሲይዘው ግን ብቻ እንደያዙት አይከብድም።

በማግስቱ ጫኔ በሩን ሲከፍት ደጃፉ ላይ ዱቄት አገኘ፣ በቁና ሞልቶ ተቀምጧል። ማን እንዳስቀመጠው አይታወቅም። በሌላው ቀን ደግሞ ቅቤ፣ በሌላው ቀን እንጨት። ማንም ገብቶ ምን ሆነሽ አላለም። ፈንታዬ እንኳን በአጥሩ ስታልፍ ዘፈን እየዘፈነች ነው የምታልፈው፤ እንዳትናገር አፏን ሥራ ስታስይዘው ነው።

ደሙ ሲቆም ባንዴ አልቆመም። ቀነሰ፣ ጠቆረ፣ እንደ ዝገት ሆነ፣ ጠፋ፣ ተመልሶ ጥቂት ታየ፣ ከዚያ ጠፋ። ከጠፋ በኋላም እንጉዳይ ጓሮ በሄደች ቁጥር ልቧ ይመታል። ሆዷ ገፍቶ ወጥቶ እንኳን ትፈራ ነበር። አንድ ቀን ውስጧ ያለው ሲራገጥ «ጫኔ! መታኝ!» ብላ ጮኸች። ጎረቤት ሰማ። ደግነቱ ያን ጊዜ ሽማግሌ አልመጣም።

ሴት ልጅ ተወለደች። ረጅም ናት። ጢም የላትም፣ ተመስገን።

መንደሩ «ጫኔ እንስራ ስላዘለ ነው ልጅቷ የቆየችው» ማለት ጀመረ። እማ የውብዳር ተቆጡ። «ውሸት ነው» አሉ። «ለምን እንደቆየች አላውቅም፣ እናንተም አታውቁም። የሌላዋ ያልቆየው ባሏ ስላላዘለ ነው ልትሏት ነው እንግዲህ?» እውነታቸውን ነው። በዓመቱ አንዲት ልጅ እግር እንደ እንጉዳይ ደም አየች። ባሏ እንስራ አዝሎ ወረደ፣ ጽንሱ ግን ሄደ። ሰውየው በማግስቱም ወረደ፣ በሳልስቱም ወረደ። ደጃፋቸው ላይ ዱቄት አልተቋረጠም። ያቺ ሴት ግን ወደቅሁ ብላ አልዋሸችም። ወገቤን ነው አላለችም። በቤቷ ተቀምጣ አለቀሰች፣ ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ።

ልጆቼ፣ ጫኔ ነብር አልገደለም። በሬዎቹ እስኪሞቱ ድረስ አልታዘዙትም። ግን የነብር ገዳዮቹ ስም ጠፍቶ የሱ ስም ቀርቷል። እስከ ዛሬ በግራር አፋፍ እንስራ ያዘለ ወንድ ወደ ምንጩ ሲመጣ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ከውሃው ዞር ይሉለታል፣ ተራቸውን ይለቁለታል። ሚስትህስ የሚለው የለም። በዳገቱ ላይ በበቅሎ የሚመጣ ቢኖር ይወርድና መንገድ ይለቅለታል። ወሬውን አያወሩትም፣ ስሙን አይጠሩም። ማታ ብቻ አንዱ ቤት ደጃፍ ላይ ዱቄት ይገኛል።

አንዳንዴ ከሌላ አገር የመጣ ነጋዴ በዚያ ያልፋል። ወንድ እንስራ አዝሎ ሲያይ «ኧረ ይሄን ጉድ እዩ!» ብሎ ሊስቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ ከሴቶቹ አንዷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች።

«ዝም በል» ትለዋለች። «ሰው እየጠበቅን ነው።»

የምትጠብቁ ሁሉ፣ ደግ ያሰማችሁ።